በሕልም የተወጣ ዳገት

ባሌን በእንቅልፍ ልቤ መርገጥ ከጀመርኩ ሰንበትበት ብሎ ነበር። ቶሎ እንዳትፈርዱብኝ። ተስፋዬ የሚረገጥ ሰው አይደለም። ሳህን ያጥባል፣ ስቆጣ ዝም ይላል፣ ወጥ ሲያርብኝ እንኳ "ጭስ ጭስ ማለቱ ነው የጣፈጠው" ብሎ ይበላል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ በስተቀኜ ይተኛል። እኔ ደግሞ በሕልሜ ፍሬን የምይዘው በቀኝ እግሬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ነው። ፎርድስበርግ ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችን። ከእኛ ወስደው ሎኬሽን በሚባሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች የሚቸረችሩ የአገራችን ልጆች ነበሩና፣ ተስፋዬ ባኪ በምንላት ከኋላዋ ክፍት በሆነች መኪናችን እየጫነ ያደርስላቸው ነበር። "ነበር" የምለው ወድጄ አይደለም። ባለፈው የብርድ ወራት ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙም "ቀዶ ጥገናው እስኪደረግልህ መሪ እንዳትነካ" አለው። ተራው ደግሞ ረጅም ነው። መኪናዋ በር ላይ ቆማ የእርግብ ማረፊያ ሆነች። ደንበኞቻችንም "እህቴ፣ ከእናንተ ብወስድ ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላው እስከ በሬ ያመጣልኛል" እያሉ አንድ በአንድ ሸሹ። ሱቋ እንዳትዘጋ ከተፈለገ አንድ ሰው መንዳት አለበት። ቤታችን ውስጥ ከእኔና ከተስፋዬ ሌላ ያለችው የእህቱ ልጅ ሜሮን ናት። ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ብልህ ልጅ ናት። ነገር ግን ዓይኗን ከስልኳ ነቅላ መንገድ የተሻገረችበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚህ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

የዚህ አገር የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሌላው ሌላው ይቅርና ዳገቱ ነው የሚገድለው። ዳገት ላይ ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ ትነሻለሽ። ስትነሺ መኪናዋ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ ከተንሸራተተች በቃ፣ እዚያው ላይ ወደቅሽ። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዳገቱ ላይ። መጀመሪያ ጊዜ ፈታኙ በትሕትና "ማማ፣ ውረጂ" አለኝ። ሁለተኛው ጊዜ ግን አወራረዴ ሌላ ነበር፤ ከኋላዬ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ወጣት መኪናውን ጥሎ ሮጠ።

አስተማሪዬ ባባ ቴምባ የሚባል፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ የዙሉ አዛውንት ነው። ፀጉሩ የሸበተው እኔን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ መሆኑን ራሱ ነግሮኛል። ዳገት ላይ በደረስን ቁጥር "ሃንድብሬክ፣ ማማ! ሃንድብሬክ!" ብሎ ይጮሃል። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ ማለቱ ነው። እኔ ግን ዳገት ሳይ ጆሮዬ ይደፈናል። ባባ ቴምባ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አያለሁ እንጂ የሚለው አይሰማኝም። የተማሪነት ወረቀቴ ደግሞ ጊዜው ሊያልፍበት ተቃርቧል። ሦስተኛ ጊዜ ከወደቅኩ ሁሉንም ከሀ ብሎ መጀመር ነው። እስከዚያ ሱቃችን አይጠብቀንም።

እንግዲህ ሕልሙ የመጣው ከዚህ ነው። ዳገት ላይ ቆሜያለሁ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች። ፍሬኑን እረግጣለሁ፤ ፍሬኑ እንደ ሊጥ ይሰምጣል። ፈታኙ አጠገቤ ተቀምጦ ይጽፋል። ቁልቁል ፎርድስበርግ ገበያ መሃል እገባለሁ። ሳምቡሳ ሻጩ እጁን አንስቶ "እንደምን ዋልሽ?" ይለኛል። ሰው ሰላም ሲል ዝም አይባልምና፣ እየተንሸራተትኩ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን ዋልክ? ቤተሰብ ደህና ነው?" እላለሁ። እሱ ሳይጨርስ ቀጣዩ ሰላም ይለኛል። ሰላምታዬን ሳላጓድል ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አገር አቋርጬ ደሴ እደርሳለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ "ያለ መንጃ ፈቃድ ነው የመጣሽው?" ትለኛለች። ያን ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሌ ፍሬኑን እረግጣለሁ። ተስፋዬ "ወይኔ ቅልጥሜን!" ሲል እባንናለሁ።

ቆይቶ ተስፋዬ ኳስ ተጫዋቾች የሚያስሩትን የቅልጥም መከላከያ ገዝቶ እያሰረ መተኛት ጀመረ። ፒጃማና መከላከያ አድርጎ አልጋ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ጨዋታው የት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

ምክር የማይለግስ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ ማርታ የዱራሜ ልጅ ናት። ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ አላት፤ ጴንጤ ናት፤ የምትጸልይልኝም በስልክ፣ ዳቦ እየሸጠች ነው። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ወደ ኋላ የመንሸራተት መንፈስ... ስኳር የለም ማማ፣ ነገ ነው የሚመጣው... ከእህቴ ላይ አንሳ!" እኔም "አሜን" እላለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ብሆንም ለዳገት የሚሆን ጸሎት ሃይማኖት አልመርጥለትም። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ ደግሞ ጸበል አዘዙልኝና እንዲህ ሲሉ መከሩኝ።

"ሕልም መልእክት ነው ልጄ። ፈጣሪ 'መሪውን ለወንድ ልቀቂ' እያለሽ ነው።"

ጸበሉን ተቀበልኩ። ምክሩ ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሜሮን ከስልኳ ቀና አለች። "አክስቴ፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ ሉሲድ ድሪሚንግ ነው። ሲሪየስሊ።"

"ሉሲ?" አለ ተስፋዬ። "ሙዚየም ያለችው?"

"ኖ፣ አጎቴ! ሕልም ውስጥ ሆኖ ሕልም መሆኑን ማወቅ ማለት ነው። ሳትነቂ ትነቂያለሽ። ካወቅሽ በኋላ የፈለግሽውን ታደርጊያለሽ። መብረር ሁሉ ትችያለሽ።"

"እኔ መብረር አልፈልግም" አልኳት። "መቆም ነው የምፈልገው።"

ሜሮን አስረዳችኝ። ቀን ቀን፣ በየሰዓቱ፣ "አሁን በእውኔ ነኝ ወይስ በሕልሜ?" ብዬ ራሴን መፈተን አለብኝ። ልማድ ሲሆን በሕልሜም እጠይቃለሁ። መፈተኛው ቀላል ነው። አፍንጫዬን ይዤ፣ አፌን ገጥሜ ልተንፍስ፤ በሕልም ከሆነ አየሩ ይገባል። ጣቶቼን ልቁጠር፤ በሕልም ይበዛሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ይጣመማሉ። የመብራት ማብሪያ ልጫን፤ በሕልም ብዙ ጊዜ አይበራም። "ይኸው ነው፣ ኢዚ" አለችኝ። ኢዚ!

በአፍንጫው ጀመርኩ። አንዲት የቆየች ደንበኛችን፣ ሁላችንም ጎጎ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ የምንላት ባልቴት፣ ሮዝ ብርድ ልብስ ዘርግታ እያየች ነው። ድንገት ፈተናዬ ትዝ አለኝና አፍንጫዬን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ጎጎ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ብብቷን አሸተተች።

"እኔ ጠዋት ታጥቤ ነው የወጣሁት" አለችኝ።

"ኧረ ጎጎ፣ አንቺን አይደለም! ሕልም ላይ መሆን አለመሆኔን እያየሁ ነው" ልላት ፈለግኩ። የእኔ ዙሉ ግን ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም። ካለኝ ላይ ለቃቅሜ ያወጣሁት ቃል ለጎጎ የደረሳት "አንቺን ሳይ እንቅልፌ ይመጣል" ሆኖ ነው። ብርድ ልብሱን በሥርዓት አጥፋ መልሳ ወጣች። ያን ቀን አፍንጫን ተውኩ።

ወደ ጣት ዞርኩ። ጣት ማንንም አይሰድብም ብዬ ነበር። ለካ ጆሃንስበርግ ውስጥ ታክሲ የሚጠራው በጣት ነው! አንድ ጣት ወደ ላይ ከተቀሰረ ወደ መሃል ከተማ ነው፤ ሌላው አቀሳሰር ሌላ ሰፈር ነው። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ጣቶቼን ሳነሳ ታክሲው ሁሉ እየተንጫጫ ፊቴ ይቆም ጀመር።

"ማማ፣ ወዴት ነሽ?"

"የትም አልሄድም፤ ጣቴን እየቆጠርኩ ነው።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩ አልሳቀም። በዚህ ከተማ የታክሲ ሾፌርን ያለ ነገር ያስቆመ ሰው ወደየት እንደሚሸሽ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ቤትሽ ሄደሽ ቁጠሪ!" አለኝና እስከ መታጠፊያው ድረስ እጁን ከጥሩምባው ሳያነሳ ሄደ። በዚያ ላይ ከኋላው ሌላ ታክሲ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

የቀረኝ መብራቱ ነው። እሱ ነው ጉድ ያደረገኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብያለሁ። የሙቀቱ ወራት ዝናብ መጥቶ ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ነቃሁ። ክፍሉ ጨለማ ነው። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ አልበራም። ደግሜ ተጫንኩ፤ አልበራም። ልቤ ዘለለ። "ሕልም ነው!" አልኩ። ጣቴን እንዳልቆጥር ጨለማ ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ማብሪያ ተጭኖ አለመብራቱን የሕልም ምልክት የሚያደርግ ሰው ጆሃንስበርግን አያውቃትም። እኔ ግን በደስታ ሰክሬ ስለነበር መብራት የሚባል ነገር በእውንም እንደሚጠፋ ከነጭራሹ ረሳሁት።

ወደ ሳሎን ወጣሁ። ሻማ በርቷል። ከሻማው ጀርባ ጋሽ ታደለ ተቀምጠዋል። ተስፋዬን ስለ ዓይኑ ሊጠይቁ መምጣታቸውን እኔ ተኝቼ አልሰማሁም። ጋሽ ታደለ ደግሞ ቤታችን መጥተው ስለማያውቁ፣ ሕልም መሆኑን ይበልጥ አረጋገጥኩ።

"ታደለ!" አልኩ። "እንኳን መጣህ!"

ለአዛውንት "አንተ" ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ የጋሽ ታደለን ፊት መገመት አይከብዳችሁም። በረዶው እንኳ የቆመ መሰለኝ።

"መሪውን ልቀቂ ትለኛለህ። አንተ የማኅበሩን ወንበር መቼ ለቅቀህ ታውቃለህ? ያንኑ ንግግር በየስብሰባው ስትደግመው ሰዉ የሚያንቀላፋው ደክሞት ይመስልሃል?"

ተስፋዬ ሳል ጀመረው። እኔ እንደ ምልክት ወሰድኩትና የሶፋው እጀታ ላይ ወጣሁ። አዎ፣ መብረር አልፈልግም ብዬ ነበር። ነገር ግን ሕልም ላይ ደርሶ ሳይሞክር የሚመለስ ማነው? እጆቼን ዘረጋሁና ወደ መጋረጃው አቅጣጫ ተነሣሁ።

ምንጣፉ ላይ በሆዴ ነው ያረፍኩት። ሜሮን ከማድ ቤት ሮጣ ወጣች። "አክስቴ! ኦ ማይ ጋድ! መብራት ጠፍቶ ነው እኮ!"

ጋሽ ታደለ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ለዚህች ሴት እግሯ ሥር ፍሬን ከመሰጠቱ በፊት ለመንግሥት ማመልከት ያስፈልጋል" አሉና በዚያ በረዶ ወጥተው ሄዱ።

ምንጣፉ ላይ እንደተኛሁ ማልቀስ ጀመርኩ። የታመመው ሆዴ አልነበረም። የዓመት ሩጫ፣ የሱቋ ጭንቀት፣ የሁለቱ ፈተናዎች ውርደት አንድ ላይ ተነሣብኝ። "በቃኝ" አልኩ። "ነገ ቀጠሮዬን እሰርዛለሁ። ሱቁንም እንዝጋ።"

ተስፋዬ እየዳበሰ መጥቶ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እጄን ፈልጎ ያዘ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አብሮኝ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው።

"በዚህ ዓይኔ ስትበሪ አየሁሽ" አለኝ። "የቆጨኝ የጋሽ ታደለን ፊት በደንብ አለማየቴ ነው።" ከዚያ ሳቁን ዋጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። እኔ አንቺ በምትነጂው መኪና ለመሄድ ፈርቼ አላውቅም። ፈሪዋ አንቺ ብቻ ነሽ። ቀጠሮውን አትሰርዢ።"

አልሰረዝኩም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ገበያ የቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ፣ የብርድ ልብስ ክምር ላይ ሸለብ አደረገኝ። ያው ዳገት። ያው መንሸራተት። ሳምቡሳ ሻጩ እጁን አነሣ። እኔ "እግዚአብሔር ይመስገን" ልል ስል ዓይኔ እጁ ላይ ዐረፈ። ጣቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሯል! "ሕልም ነው!" ብዬ በደስታ ጮህኩ። በራሴው ጩኸት ነቃሁ።

ሜሮንን ስነግራት ዘለለች። "ዩ ዲድ ኢት! ግን አትጩሂ። ደስታ ያባንናል። ሲገባሽ ተረጋግተሽ እጅሽን እጅሽ ላይ አፋትጊ። ያኔ ሕልሙ ይቆይልሻል።"

ሁለተኛው ሕልም የመጣው እሑድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ እያለች ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቁልቁል እጄን አየሁ፤ አውራ ጣቴ ሁለት ነው። በዚህ ጊዜ አልጮህኩም። መሪውን ለቅቄ እጆቼን አፋተግኩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጭጋግ የያዘው መስታወት በጨርቅ ሲወለወል እንደሚጠራው፣ ሁሉ ነገር ጠራ። የወንበሩ ልብስ ሽመና ይታየኛል። የሳምቡሳው ዘይት ይሸተኛል። ሰውነቴ አልጋዬ ላይ መተኛቱን አውቃለሁ፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ፣ ምንም ሊነካኝ አይችልም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፍርሃት ርቆኝ አያውቅም።

ወደ ፈታኙ ዞሬ "ይቅርታዎን፣ ለጊዜው አይጻፉ" አልኩት። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ። ያን ጊዜ ገበያው ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ የባባ ቴምባ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። "ሃንድብሬክ፣ ማማ።" እየጮኸ አልነበረም። ወደ ግራዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእጅ ፍሬኑ እዚያው ነው። ያን ሁሉ መንገድ፣ እስከ ደሴ ድረስ፣ አጠገቤ ነበር።

ሳብኩት። መኪናዋ ቆመች።

ከዚያ ሳልቸኩል ሠራሁት። ማን ያስቸኩለኛል? ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ አድርጌ ስለቅ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፤ የመኪናዋ አፍንጫ እንደምትነሣ ግመል ቀና አለ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ወጣች! ዳገቱን ጨርሼ ሆን ብዬ ተመለስኩና ደግሜ ወጣሁ። ደግሞ ተመለስኩ። በሕልም ነዳጅ አያልቅም። ገበያተኛው ሁሉ በሁለቱም በኩል ቆሞ ሲያይ ለማንም ሰላምታ አልመለስኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ ባባ ቴምባን "ዳገት ውሰደኝ" አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ወሰደኝ። ስወጣው ዓይኑን ገለጠ። ደግሜ ወጣሁት።

"ማን አስተማረሽ?"

"አንተ። በሕልሜ መጥተህ።"

ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። "ይህን ሁሉ ጊዜ በእውንሽ ስጮህ አልሰማሽኝም፣ ተኝተሽ ሰማሽኝ?"

የፈተናው ቀን ካፊያ ነበር። ፈታኟ ረጃጅም ጥፍር ያላት ወጣት ሴት ናት። አጠገቤ ስትቀመጥ እኔ ከልማዴ የተነሣ ጣቶቼን እቆጥራለሁ።

"እጅሽን አሞሽ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ ሙሉ ናቸው" አልኳት። እውን ነው ማለት ነው።

ዳገቱ ላይ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሲንሸራተት አየሁት። ወርዶ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነው። ተራዬ ደረሰ። ጆሮዬ ሊደፈን ሲል ይታወቀኛል፤ ጠርዙ ላይ ደርሷል። እጆቼን አፋተግኩ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲንጠባጠብ ተሰማኝ፤ ፈታኟ ስትተነፍስ ተሰማኝ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ፍሪሲዮኑን ቀስ። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ፣ ለቀቅኩ። ስንዝር አይደለም፣ የጤፍ ፍሬ ታህል ወደ ኋላ አላለችም።

ከተማውን ዞረን ስንመለስ ፈታኟ ወረቀቷን አጠፈችና "አልፈሻል፣ ማማ" አለች። ላቅፋት ስል የደህንነት ቀበቶው መልሶ ወንበሩ ላይ ለጠፈኝ።

ተስፋዬ ከባባ ቴምባ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቀኛል። ፊቴን ከሩቅ ማየት ስለማይችል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፄን ነው የሚጠብቀው። እኔም ከበሩ ጀምሬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ተስፋዬ! የባኪዋን ቁልፍ አምጣ!" አልኩ። መንዳት ከተወ ጀምሮ እንኳ ቁልፉ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም። አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘውና ቆሞ አጨበጨበ። ባባ ቴምባ ደግሞ አለቀሰ፤ ደስ ብሎት ይሁን ተገላግሎ አላውቅም።

ብርዱ ሊገባ ስለነበር ብርድ ልብስ ተፈላጊ ሆኗል። በማግስቱ ጠዋት ባኪዋን እስክታቃስት ጭነን ወደ ቮስሎሩስ ወጣን። የማርታ ሱቅ ያለው ዳገታማ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ሴቶች ዳቦ ለመግዛት ተሰልፈዋል። በሩ ድረስ ወጥቼ አቆምኩ። ማርታ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ውስጥ አንገቷን አስግጋ አየች። መሪው ላይ እኔን፣ በሌላው ወንበር ተስፋዬን አየች። ለማንም ትታ የማታውቀውን ሱቅ ክፍት ትታ ወጣችና መንገዱ መሃል ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው።

የተሰለፉት ሴቶች ምን እንደሆነ አልጠየቁም። እልልታ ሲሰማ አስቀድሞ ይታገዛል፣ ከዚያ ነው የሚጠየቀው፤ ይህ ልማድ ለካ የእነሱም ነው። የዙሉው እልልታ ከዱራሜው ጋር ተደባልቆ ሰፈሩን አናወጠው። አንዲት ክራንች የያዘች አሮጊት ስትጨርስ ወደ ማርታ ጠጋ አለች።

"ሠርግ ነው?"

"አይደለም፣ ጎጎ። ነድታ መጣች!"

አሮጊቷ እስከ ሰማይ የተቆለለውን ጭነት አየች፤ እኔን አየች፤ ቀጥሎ ተስፋዬ ላይ ክራንቿን ቀሰረች። "ይሄስ?"

ተስፋዬ ከመኪናዋ ወርዶ ልብሱን አስተካከለና ደረቱን ነፋ። "እኔ ተሳፋሪ ነኝ" አለ።

አሮጊቷ ክራንቿን ለማርታ አስያዘቻትና፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እልልታውን ብቻዋን እንደ አዲስ ጀመረችው።